ከማርሚታው በፊት ያለው ቀፎ

ጠመንጃ ያዥ ሰፈር፣ የመኪና ጭስ ማውጫ በሚጠገንበት ጋሽ ሰይድ ማርሚታ ቤት ሥራ የገባሁት ሰኞ ጠዋት ነበር። ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር። ከሙያ ትምህርት ቤት በብረታ ብረት ተመርቄ ግማሽ ዓመት ያህል ሥራ ፈትቼ ስለከረምኩ፣ የመጀመሪያውን ቀን ለማክበር እናቴ የተኮሰችልኝን አዲስ ቱታ ለብሼ ሄድኩ። ጋሽ ሰይድ ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «ማሻ አላህ። ይሄን አውልቅና ለሠርግህ አስቀምጠው» አሉኝና ጉልበቱ ላይ የተቀደደ አሮጌ ቱታ ወረወሩልኝ።

ቤቱ በቆርቆሮ የተከለለ ነው። ሁለት መኪና ይይዛል፤ መሐሉ ላይ ሰው ገብቶ የሚሠራበት ጉድጓድ አለው። በአንዱ ጥግ ብረት የሚነክስ ሞርሳ የታሰረበት ጠረጴዛ፣ በሌላው የብየዳ ማሽን፣ በግድግዳው ሥር ደግሞ የቧንቧና የላሜራ ቁራጭ ተደርድሯል። በሩ አጠገብ ጋሽ ሰይድ ከሶላት በፊት ለውዱእ የሚታጠቡባት ሰማያዊ ማንቆርቆሪያ ትቀመጣለች። ታፔላ አልነበረንም።

በቤቱ አራት ማዕረግ ነበር። ረዳት ክሪክ ያስገባል፣ ቧንቧ ይይዛል። ቆራጭ በግራይንደር ይቆርጣል። በያጅ ይበይዳል። አራተኛው ማዕረግ የጋሽ ሰይድ ብቻ ነበር፤ እሱም መስማት ነው። መኪና ሲገባ ሞተሩ ሳይጠፋ ከኋላው ይቆማሉ፣ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፣ አንድ እጃቸውን ጆሯቸው ላይ ያደርጋሉ። ከዚያ «የማርሚታው ሁለተኛ ክፍል ውስጡ ተቀዷል» ይላሉ። ቆርጠን ስናየው ተቀዶ እናገኘዋለን። ከልደታ ማርያም እስከ ተክለ ሃይማኖት ያለ ሾፌር ሁሉ «ሰይድ ካለ አለቀ» ይል ነበር። ታፔላው የሳቸው ቃል ነበር ማለት ነው።

የዚያን ዕለት ቆራጩ ለቅሶ ሄዶ ስለነበር ግራይንደሩ እኔ እጅ ገባ። የመጀመሪያዋ መኪና ከዓረብ አገር የገባች ነጭ የቤት መኪና ነበረች። ባለቤቷ ጋሽ መኮንን ይባላሉ፤ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት የሚሠሩ፣ ክራባታቸው የማይላላ፣ የጋሽ ሰይድ የቆየ ወዳጅ። «ሰይድ፣ ከተክለ ሃይማኖት ወደ ላይ አልወጣም ብላ ቆመችብኝ» አሉ።

ጋሽ ሰይድ ሰሙ። «ታፍናለች። ከማርሚታው በፊት ያለውን ቀፎ ቁረጠው» አሉኝ።

ጉድጓዱ ውስጥ ገባሁ። ከሾፌሩ ወንበር ሥር ባለው ቧንቧ ላይ አንድ ያበጠ የብረት ሆድ አለ። ከግራና ከቀኝ ቆርጬ አወረድኩት። ውስጡ ግራጫ ድንጋይ ነው፤ ግን እንደ ማር ሰፈፍ በሺህ ትንንሽ ቀዳዳዎች የተበሳ። ቀዳዳዎቹ በጥቁር ነገር ተደፍነዋል፤ አንዱ ጎኑም ተሰብሯል።

«ጋሽ ሰይድ፣ ይሄ ምንድነው?»

«ቀፎ ነዋ።»

«ምን ይሠራል?»

«መኪና ያፍናል።»

«ፈረንጆቹ መኪና የሚያፍን ነገር ለምን ደክመው ይሠራሉ?»

በያጁ መነጽሩን አንስቶ ሳቀ። ጋሽ ሰይድ ግን አልሳቁም። «አንተ የተቀጠርከው ማርሚታ ቤት ነው ወይስ መርማሪ ፖሊስ ጋ?» አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ ግርማ መሆኑ ቀርቶ መርማሪው ሆነ።

በቀፎው ቦታ ቀጥ ያለ ቧንቧ በየድን። ጋሽ መኮንን መኪናዋን ይዘው ዳገቱን ሞክረው ሲመለሱ በመስኮት አንገታቸውን አውጥተው ይስቁ ነበር። «ጥይት ሆናለች» አሉ። የመጀመሪያው ቀን ትምህርቴ ይህ ነበር፤ ቀፎ ይቆረጣል።

ከቀፎው የሚወጣው ድንጋይ በሰፈሩ ውስጥ ሥራ አላጣም። የጎረቤታችን ሴቶች ለእግር መፋቂያ እንደሱ ያለ የለም ብለው ይወስዱታል። ለበዓል ሰሞን «መርማሪው፣ አንድ ድንጋይ አስቀምጥልኝ» የሚሉኝ ብዙ ነበሩ። ጀርመንና ጃፓን ውስጥ ስንት ሰው ተመራምሮ የሠራውን ነገር ጠመንጃ ያዥ ተረከዝ ይፋቅበታል። ይህንን ያኔ አላውቅም ነበር። አንዱን ድንጋይ ግን ለራሴ አስቀርቼ መሣሪያ የምናስቀምጥበት መደርደሪያ ላይ አኖርኩት። ምሳ በልቼ ስጨርስ ወደ ብርሃን አዙሬ አየው ነበር። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ እንዲህ በጥንቃቄ የተበሳ ነገር ለከንቱ ተሠርቷል ማለት አልዋጥልህ ስላለኝ ይመስለኛል።

ዓመታት አለፉ። ቆራጭ ሆንኩ፣ ከዚያ በያጅ። ቀፎ መቁረጥ የቤታችን ዋና ሥራ ሆነ። ሰው መኪናውን ከጉምሩክ ባወጣ በሳምንቱ እኛ ጋ ይመጣል። «ምን ሆነች?» ስንለው «ምንም አልሆነችም፣ ግን ቀፎዋን አስወጡልኝ» ይላል። ለሕፃን ልጅ እንጥል እንደማስቆረጥ ሆኖ ነበር። ታመመ አልታመመ ይቆረጣል።

አንድ ነገር ልብ ማለት የጀመርኩት ያን ጊዜ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የማወጣው ድንጋይ ሁሉ የተደፈነ ነበር። ከሚሊኒየሙ ትንሽ ቀደም ብሎ ግን ንጹሕ ድንጋይ ይወጣልኝ ጀመር። ዓይኔ ላይ አድርጌ ሳየው ከወዲያ ማዶ የጋሽ ሰይድ ኮፍያ ይታየኛል።

«ጋሽ ሰይድ፣ ይሄኛው እኮ ክፍት ነው» አልኳቸው።

«ዛሬ ክፍት ነው፤ ነገ ይደፈናል» አሉኝ። በያጅ ሆኜም ቢሆን ከዚህ በላይ መጠየቅ አልደፈርኩም። መስማት የሳቸው ማዕረግ ነበር።

ሌላው የቤታችን ነገር ራስ ምታት ነው። ክረምት ሲገባ ዝናቡ ማሽኑን እንዳያበላሸው በሩን እንዘጋለን፤ ሞተር ደግሞ ሳይነሳ አይሰማም፣ ብየዳው መያዙም አይታወቅም። ከሰዓት በኋላ ሁላችንም ግንባራችንን እንይዛለን። ጋሽ ሰይድ ግን ከሁላችንም ይብሱ ነበር። ከአስር ሰዓት ጀምሮ ግንባራቸውን በፎጣ ጥፍር አድርገው አስረው ነው የሚሠሩት። አንድ ጊዜ ግፊት ነው ይላሉ፣ አንድ ጊዜ መነጽሬ ነው ይላሉ፣ በረመዳን ጾሙ ነው ይላሉ። ክሊኒክ የሰጣቸው ኪኒን በኪሳቸው ይንሿሿል። በኋላ በኋላማ ሥራ መሐል የዘይት ሳጥን ላይ ቁጭ ይሉና «መሬቱ ይሄዳል» ይሉን ጀመር።

ደሴ ያሉት ልጆቻቸው «በቃዎት፣ ወደዚህ ይምጡ» እያሉ ይደውላሉ። አንድ ቀን ፎጣቸውን እያሰሩ «መርማሪው፣ ይሄ ክረምት የመጨረሻዬ ሳይሆን አይቀርም። እንደ ሰው ስሠራ ውዬ እንደ ሰካራም ቤቴ መግባት ሰለቸኝ» አሉኝ። ሳቅ ብዬ አለፍኩት። አባቴን በልጅነቴ ነው ያጣሁት፤ እሳቸው ከሄዱ ሁለተኛ ላጣ ነው ማለት ነው። ያለሳቸው ቃል ደግሞ ያ ቤት ቆርቆሮ ብቻ ነው።

በዚያው ክረምት መምህርት አስቴር መጡ። አርባ ዓመት ገደማ የሆናቸው፣ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኬሚስትሪ የሚያስተምሩ ሴት ናቸው፤ ጃኬታቸው እጅጌ ላይ ጠመኔ ነበረበት። መኪናቸው አነስ ያለች አረንጓዴ ነች። ቧንቧው መገጣጠሚያው ላይ ያፈስ ስለነበር ድምፅ ታሰማለች። ጋሽ ሰይድ ሰሙና «ቀላል ነው ልጄ። መገጣጠሚያውን እንሠራልሻለን፣ በዚያው ቀፎዋን እንቆርጥልሻለን» አሏቸው።

«ቀፎዋ አይቆረጥም» አሉ መምህርቷ።

እጄ ላይ ያለው ግራይንደር ይዞር ስለነበር አጠፋሁት። በዚያ ቤት እንዲህ ያለ ደንበኛ አይቼ አላውቅም።

«ያፍናል እኮ» አሉ ጋሽ ሰይድ።

«የኔዋ ታፍናለች? ሰምተዋታል?»

ጋሽ ሰይድ ጆሯቸውን ወደ መኪናዋ መለሱ። አልታፈነችም ነበር፤ ማንም ጆሮ ያለው ይሰማዋል። «ዛሬ አልታፈነችም» አሉ። «ግን ምን ታደርግልሻለች? ምንም የማይሠራ ነገር ተሸክመሽ መዞር ነው።»

«ይሠራል እንጂ። ሞተሩ ያላቃጠለው ጭስ እሷ ውስጥ ገብቶ ይቃጠላል። የሚወጣው የጸዳ ነው።»

«ያለ እሳት?»

«ያለ ነበልባል።»

ጋሽ ሰይድ ወደኛ ዞረው ፈገግ አሉ። እኛም አጀብናቸው። መምህርቷ ግን አልተቆጡም፤ ክፍል ውስጥ ሲሳቅባቸው የለመዱ ይመስላሉ። «ውስጡ የሚቃጠል ነገር ካለ፣ የቀፎዋ መውጫ ከመግቢያዋ ይልቅ መሞቅ አለበት። መሞከር ይቻላል» አሉ።

መሞከር የሚለው ቃል ጋሽ ሰይድን ያዛቸው። ተነሡ፣ ያችን ሰማያዊ ማንቆርቆሪያ አነሡና ጉድጓዱ ውስጥ ገቡ። እኔም ተከተልኳቸው። ቧንቧው እስኪቀዘቅዝ ጠብቄ መገጣጠሚያውን ጠበቅ አድርጌ ካሰርኩ በኋላ መምህርቷ ሞተሩን አስነሡ። ጋሽ ሰይድ ከቀፎው በፊት ባለው ቧንቧ ላይ አንድ ጠብታ ውሃ አደረጉ። ጠብታው ተንሸራቶ ወደቀ። ከቀፎው በኋላ ባለው ላይም አደረጉ። ተንሸራቶ ወደቀ።

«አየሽ ልጄ» አሉ ከጉድጓዱ ውስጥ ወደ ላይ። «ያው ነው።»

መምህርቷ ፊታቸው ተለወጠ። «መሆን ነበረበት» አሉ ቀስ ብለው። በያጅ ጓደኛዬ ጉሮሮውን ጠራረገ። ነገሩ አለቀ ማለት ነው።

እኔ ግን ቧንቧውን እያየሁ ነበር። በያጅ የሆነ ሰው የብረት ቀለም ያነባል። ብረት ሲሞቅ መጀመሪያ የገለባ ቀለም ይይዛል፣ ከዚያ ወይን ጠጅ፣ ከዚያ ሰማያዊ። ከቀፎው በፊት ያለው የመምህርቷ ቧንቧ የገለባ ቀለም ነበረው። ከቀፎው በኋላ ያለው ግን ወደ ሰማያዊነት ሄዷል። እንዲህ ያለ ቧንቧ ከዚያ በፊትም ብዙ ቆርጫለሁ። ሞተሩ ካለበት ርቆ ሳለ ለምን የበለጠ ሰማያዊ እንደሆነ ግን ራሴን ጠይቄ አላውቅም። መርማሪው የሚለው ስም አልተገባኝም ነበር።

«ጋሽ ሰይድ፣ ይሄ ቧንቧ አንድ ጊዜ በደንብ ሞቋል። አሁን የሞተር መነሻ ነው፤ ሁሉም ቀዝቃዛ ነው። እስኪ ትነዳና እንየው» አልኩ።

አዩኝ። ከገባሁ ጀምሮ እሳቸው የፈረዱትን ነገር እንደገና ይታይ ብዬ አላውቅም። «ሂድና አስነዳት እንግዲህ» አሉኝ።

ከመምህርቷ ጋር እስከ ጦር ኃይሎች አደባባይ ሄደን ተመለስን። ካፊያ ነበር። እኔ የጠየቅኩትን ብዛት ሳስበው አሁንም አፍራለሁ። ድንጋዩ ራሱ ይቃጠላል ወይ? አይቃጠልም። ታዲያ ማን ነው የሚያቃጥለው? ድንጋዩ ላይ በዓይን የማይታይ ስስ ሽፋን አለ፤ ፕላቲነም የሚባል ብረት። ጭሱና አየሩ እዚያ ላይ ሲገናኙ በትንሽ ሙቀት ይዋሃዳሉ። ብረቱ አይነካም፤ ሁለቱን አዋህዶ እንደነበረ ይቀራል። ስሙ ካታሊስት ነው።

«ይሄ መኪና ላይ ብቻ የሚሠራ ነው?»

መምህርቷ ሳቁ። «ገበሬው የሚጠቀምበት ማዳበሪያ የሚሠራው በካታሊስት ነው። ይሄ የምነዳበት ቤንዚንም ማጣሪያ ቤት ውስጥ በካታሊስት ያለፈ ነው። ያለሱ ይሠራ ቢባል የሚፈጀውን እሳትና ግፊት አትጠይቀኝ። በትንሽ ጉልበት ብዙ ሥራ ማለት ነው። ጉልበት መቆጠብ ደግሞ ነዳጅ መቆጠብ ነው፣ አየርም ማትረፍ ነው።»

«አያልቅም?»

«አያልቅም። ግን ይመረዛል። ድሮ ቤንዚናችን ውስጥ እርሳስ ይጨመር ነበር። እርሳሱ ያንን ስስ ሽፋን ይጋርደዋል፣ ይደፍነዋል።»

ያን ጊዜ መደርደሪያዬ ላይ ያለው ጥቁር ድንጋይ ትዝ አለኝ። «አሁንስ?» አልኳቸው። «አሁን እርሳሱ ከቤንዚኑ ወጥቷል» አሉኝ። ንጹሕ ድንጋይ ይወጣልኝ የጀመረው ለምን እንደሆነ ጦር ኃይሎች አደባባይ ላይ ገባኝ። ደስ አለኝ፣ ወዲያው ደግሞ ደነገጥኩ።

ስንመለስ ጋሽ ሰይድ ጉድጓዱ ውስጥ ቆመው ይጠብቁን ነበር። ሞተሩ ሳይጠፋ መግቢያው ላይ ጠብታ አደረጉ። ጠብታው ተቀምጦ ጭስስ እያለ ቀስ ብሎ ደረቀ። መውጫው ላይ አደረጉ። ጠብታው አልተቀመጠም፤ ጠቅ ብሎ ተሰባብሮ ዘለለ።

«ደግሞ» አሉ ለራሳቸው። ደገሙት። ለሦስተኛ ጊዜ ሲያደርጉ ዓይናቸውን ጨፍነው እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አደረጉ። በመግቢያው ረጅም ድምፅ፣ በመውጫው አጭር ድምፅ። ዓይናቸውን ሲገልጡ ክርክር አላነሡም። «ውስጧ ይነድዳል ወላሂ» አሉ።

ከጉድጓዱ ወጥተው መምህርቷን ስለ ድንጋዩ ጠየቋቸው፤ መኪና ውስጥ የሰማሁትን ሁሉ እንደገና ሰማሁት። ጋሽ ሰይድ ጥቂት አሰቡና «ገባኝ። እዚያ ፍርድ ቤቱ በር ላይ ያሉት ሽማግሌዎች ማለት ነው። የተጣሉትን አስማምተው እነሱ እንደመጡ ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ» አሉ። መምህርቷ ለተማሪዎቻቸው እንደሚነግሩት ቃል ገቡላቸው።

ከዚያ ጋሽ ሰይድ ዋናውን ጥያቄ ጠየቁ። «የምታቃጥለው ምኑን ነው?»

«ከሁሉ በፊት ካርቦን ሞኖክሳይድን። ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም። ክረምት ከሰል አስገብተው በር ዘግተው የሚተኙ ሰዎች አሉ አይደል?»

«የሚገድላቸው?»

«እሱ ራሱ።»

ጋሽ ሰይድ ግንባራቸው ላይ የታሰረውን ፎጣ ፈቱት። እጃቸው ላይ ይዘው አዩት። መምህርቷ ደግሞ የተዘጋውን በር አዩና «ሁልጊዜ እንዲህ ዘግታችሁ ነው የምትሠሩት?» አሉ። እኔ ሄጄ በሩን ከፈትኩት፤ ዝናቡ ማሽኑ ላይ ገባ።

መምህርቷ ደግ ሰው ናቸው። «ያኔ አልተሳሳቱም ጋሽ ሰይድ። በእርሳሱ ጊዜ በእውነትም ይደፈን ነበር» አሏቸው። «ቤንዚኑ ሲለወጥ ነው የሚነግርዎ የጠፋው።»

«የሚነግረኝ ጠፍቶ አይደለም» አሉ ጋሽ ሰይድ፤ በጣታቸው ወደኔ ጠቆሙ። «ይሄ መርማሪ ክፍት ነው ብሎኝ ነበር። ነገ ይደፈናል ብዬ የመለስኩት እኔ ነኝ።»

ያን ዕለት ማታ ድንጋዬን ከመደርደሪያው አንስቼ ቤቴ ይዤው ሄድኩ። ስንቱን ንጹሕ ቀፎ እንደቆረጥኩ አላውቅም። የቆረጠው የኔ እጅ ነው።

በማግስቱ ጋሽ ሰይድ ከሁላችንም ቀድመው ገብተው የኋላውን ቆርቆሮ ሲበሱ አገኘናቸው። የሞተሩን ጭስ ወደ ውጭ የሚወስድ ጎማ ገጠምንለት። ከዚያ በኋላ በቤቱ አዲስ ደንብ ወጣ፤ ማንኛዋም መኪና ተነድታ ትሞቃለች፣ በማንቆርቆሪያው ትፈተናለች፣ መውጫዋ ከመግቢያዋ ከሞቀ ቀፎዋ አይነካም። የተደፈነና የሞተ ካለ ግን ይወጣል። አንዳንድ ደንበኛ ተናደደብን። «ሰይድ አረጀ» ብለው እታች ሰፈር ሄደው ያስቆረጡ ነበሩ። ጋሽ ሰይድ ግን ለውዱእ ሌላ ማንቆርቆሪያ ገዙ።

ራስ ምታቱ በአንድ ቀን አልጠፋም። ግን ከአንድ ወር በኋላ ፎጣው እጅ መጥረጊያ ሆነ፤ ከዚያ ወዲህ መሬቱ ይሄዳል ሲሉ አልሰማኋቸውም። ደሴም አልሄዱም። ከዚያ ክረምት በኋላ ሦስት ዓመት አብረን ሠራን፤ ለኔ ከሁሉ የበለጡት ዓመታት እነዚያ ናቸው።

አንድ ነገር ግን ይከነክናቸው ነበር። ጋሽ መኮንን ጡረታ ወጥተው እንኳ ያችኑ ነጭ መኪና ይነዱ ነበር። ጋሽ ሰይድ ተገልብጣ ከተጣለች መኪና ላይ ደህና ቀፎ ፈልገው አገኙ፣ በጋዜጣ ጠቅልለው መደርደሪያው ላይ አስቀመጡት። አንድ ጠዋት ጋሽ መኮንን የዛገ ቧንቧ ሊያስቀይሩ መጡ። ክራባታቸው አሁንም አልላላም።

«መኮንን፣ ከመኪናህ ያወጣሁትን ነገር ልመልስልህ እፈልጋለሁ» አሏቸው ጋሽ ሰይድ።

«ምኑን?»

«ቀፎውን።»

«ያፍናል ብለህ ያወጣኸውን?»

«አዎ።»

«አልፈልግም። መኪናዬ ደህና ናት» አሉ ጋሽ መኮንን። «ያፍናል ያልከኝ አንተ ነህ። ሰይድ ያፍናል ብሎኛል ብዬ መሥሪያ ቤት ያለውን ሰው ሁሉ ወደዚህ ልኬዋለሁ። ስንቱ በኔ ቃል እዚህ መጥቶ አስቆርጧል። አሁን ምን በላቸው ነው የምትለኝ?»

እኔ ብየዳዬን አቁሜ ነበር። ጋሽ ሰይድ ስለ እርሳሱ ቢነግሯቸው ይችሉ ነበር። ያንተዋ ያኔ በእውነት ተደፍና ነበር ቢሏቸው ውሸት አይሆንም፤ ያንን ድንጋይ የቆረጥኩት እኔ ነኝ፣ አይቼዋለሁ። ቃላቸውን የሚያተርፍ መውጫ ነበራቸው።

«ያንተዋ ተደፍና ነበር» አሉ። «ከአንተ በኋላ የላክሃቸው ግን ብዙዎቹ አልተደፈኑም ነበር። ሳላይ ነው ያስቆረጥኳቸው። ሰይድ ተሳስቶ ነበር በላቸው። የመጣልኝን ሁሉ እኔው ራሴ እነግረዋለሁ።»

«ዕድሜዬን ሙሉ ፍርድ ቤት ሠርቻለሁ» አሉ ጋሽ መኮንን። «ሳይከሰስ፣ ምስክር ሳይቆጠርበት፣ ተሳስቻለሁ ብሎ መዝገብ ያስከፈተ ሰው አልገጠመኝም። ግጠመው።»

የበየድኩት እኔ ነኝ። ስጨርስ ጋሽ መኮንን እስከ ጦር ኃይሎች ነድተው ተመለሱ፣ ጋሽ ሰይድ ማንቆርቆሪያዋን ይዘው ጉድጓዱ ውስጥ ገቡ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ። በመግቢያው ረጅም፣ በመውጫው አጭር። ከዚያ በኋላ በነበሩት ሳምንታት ከመዝገብ ቤቱ ሰዎች አንዳንዶቹ ቀፎ ሊያስመልሱ መጡ፤ አንዳንዶቹ ስቀው ቀሩ።

አሁን ጋሽ ሰይድ ደሴ ናቸው። ሰፈሩ ሲፈርስ የኛም ቤት አብሮ ፈረሰ፤ እኔ በልደታ በኩል ሌላ ቤት ተከራይቼ እሠራለሁ። መስማት የኔ ማዕረግ ሆኗል። ማንቆርቆሪያዋም እኔ ጋ ነች። ጆሮዬ እንደሳቸው ስላልሆነ አብዝቼ በሷ ነው የምጠቀመው።

በዚህ ሙያ ለምትገቡ የምነግራችሁ ይሄንን ነው። ሞተር ሳይሞቅ አትፍረዱ። በር ዘግታችሁ ሞተር አታስነሡ። የምትቆርጡት ነገር ምን እንደሚሠራ ካላወቃችሁ ጠይቁ፤ የሚነግራችሁ ካጣችሁ ከመቁረጣችሁ በፊት ውሃ ጠብ አድርጉበትና ስሙ።